በአቼቶ የታጠበ ጥቁር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን። ለሰው ባወራው ምን ይፈይዳል ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

አንድ ልጄን ሚኪያስን ከቀበርኩ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጥቁሬን አላወለቅኩም። ጥቁር ልብስ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ይለቃል፤ ቡናማ ይሆናል። ትንሽ ነጣ ሲል ያየሽ ሁሉ «በቃ፣ አሁን አውልቂው» ይልሻል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምኑ ነው በቃ?

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው መላውን የነገሩኝ። «በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፣ ቀለሙን ይይዝልሻል» አሉኝ። እውነትም ያዘ። ሽታው ፀሐይ ላይ ይጠፋል፤ ግን በነሐሴ ፀሐይ ከየት ይምጣ? ያን ቀን ቀሚሱን ከነእርጥበቱ ለብሼ ወጣሁ።

ከቀራንዮ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ለዝናቡ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ሰላጣ የጫነ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናትም ጥቁር ለብሰዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «አቼቶ ነው አይደል? እኔም በሱ ነው የማጥበው» አሉኝ። ቀጥለው «ማን ነው?» አሉ።

«ልጄ።»

«የኔም ልጄ ናት።»

እጄን ያዙኝ። እንደ ሰው ሁሉ አይዞሽ አላሉኝም። እንባዬ መጣ። ዘመድ ጎረቤቱ ሲለኝ የከረመውን እሳቸው ቢሉኝ አምናለሁ ብዬ፣ «ዓመቱ ሲወጣ ይቀላል አይደል?» አልኳቸው።

እጄን ለቀው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፈራሁ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ወዲያው «ወራጅ አለ!» ብለው ዝናቡ ውስጥ ወረዱ።

መስከረም ላይ የልጄ ሙት ዓመት ወጣ። ዘመዶቼ ነጭ ቀሚስ አሰፍተው መጥተው ጥቁሩን አስወለቁኝ። «ቀለለሽ?» ይሉኛል። «ተመስገን» እላለሁ። ምን ልበል? ምንም አልቀለለኝም። ጠዋት ስነሳ ያው ነው፤ ሲመሽም ያው ነው።

እኚያ እናት ክፉ አይደሉም። እውነቱን ነው የነገሩኝ። ግን በዚያን ሰሞን ማንም ቢያጽናናኝ አላምንም ነበር፤ የማምነው እሳቸውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች ባገኛቸው የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ምን ነበረበት ቢዋሹኝ?