ግማሽ የተቀነደበው ፊቴ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ተከትዬ ቤቴል ካለ ጸጉር ቤት ገብቼ ነበር። ሠራተኛዋ የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በጣቶቿ ጠምዝዛ በልጅቷ ቅንድብ ላይ ስታስኬደው፣ ያ ጥር ጥር የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ገባና በዚህ እድሜዬ የራሴን ቅንድብ በእጄ ሸፈንኩ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ቀራንዮ ሰፈር ሳለን፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቅንድቦቼ ግራና ቀኝ መሆናቸውን የዘነጉ ይመስል አፍንጫዬ አናት ላይ ተገናኝተው አንድ ሆነው ነበር፤ የትምህርት ቤት ልጆች “ባለ ድልድይዋ” ይሉኛል። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ፣ የየመናዊው ባለሱቅ ሚስት፣ ሙሽሮችን በክር ይቀነድባሉ። አባባ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበሩ “ፊቷን ያስነካች ሴት እግዜር የሳለውን ፋቀች” ይላሉ። ከጥምቀት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሲደርስ ልቤ አላስችል አለኝና አባባ በሌሉበት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሄድኩ።

እትዬ ዘይነባ ፓውደር ቀብተውኝ የግራውን ጨርሰው፣ እኔ እንባዬን ስጠርግ፣ ወደ ቀኙ ሊዞሩ ሲሉ አባባ ከግቢያችን ስሜን ጠሩ። ሻሼን እስከ ዓይኔ ጎትቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

“ምን ሆነሻል?” አሉኝ።

“ራሴን አሞኝ ነው።”

ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ታላቅ ወንድሜን ተስቦ ሲወስደው የጀመረው በራስ ምታት ነበር። ያን ማታ እህል አልቀመሱም። እውነቱን ብናገር ጅራፉ አለ፤ ዝም ብል ደግሞ እሳቸው ሲሳቀቁ ማየት ከጅራፉ ይብሳል። ሁለቱንም ፈርቼ ሻሼን እንዳሰርኩ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል እጄን ይዘው ወደ መድኃኔዓለም ጸበል ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የማስበው ስለ ሻሼ ብቻ ነው። ተራችን ሲደርስ አጥማቂው ቄስ “ግለጪው ልጄ” አሉ። እጄ እምቢ አለኝ። የገለጡት አባባ ራሳቸው ናቸው።

ብዙ አዩኝ። አንዱ ቅንድቤ ቀጥኖ ዙሪያው ቀልቷል፣ ሌላው እንደ ድሮው ጥቅጥቅ ብሏል።

“በሽታ አይደለም?” አሉ ቀስ ብለው።

“አይደለም አባባ።”

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

እንደተመለስን በአጥሩ ላይ ተጣሩ። “ወይዘሮ ዘይነባ፣ የጀመሩትን ይጨርሱላት፤ ልጄ እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትቆምም።” ከዚያ በኋላ ግን ጾሙ እስኪገባ ድረስ አላነጋገሩኝም።

እትዬ ዘይነባ ከአብዮቱ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው የመን ገቡ፤ ሁለቱም ግቢዎች ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። አባባም ካረፉ ቆዩ። ልጆቼ ደጎች ናቸው፣ ይጠይቁኛል፣ ይጦሩኛል። እንደዚያ የምፈራው ሰው ግን የለኝም፤ እንደዚያ የሚፈራልኝም።