ሃያ ሁለት የተባሉት ሰንጎች

ባሌ ኢቫር በካንሳስ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ከብት አድልቧል። ብዙ አይናገርም፤ ሲጨንቀው ገለባ ያኝካል። በዚያ መከር ከብቶቹን ወደ ባቡሩ ስንነዳ አፉ ከገለባ አልተለየም ነበር።

የግጦሹ መሬት የኪራይ ነው። ባለቤቱ እስከ ገና ካልከፈልን ለሌላ እንደሚሰጠው ነግሮናል። ተስፋችን ሃያ ሁለቱ ሰንጎች ነበሩ። ኢቫር እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይችል እኔም አብሬው ሄድኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ከሱ እሻላለሁ።

ካንሳስ ሲቲ ገበያ ስንደርስ ግራጫ ፈረስ የሚጋልብ የሥጋ ፋብሪካ ከብት ገዢ ሰንጎቹን ባስገባንበት በረት አጠገብ ቆመ።

«በመቶ ፓውንድ ክብደት ሦስት ዶላር ከስልሳ» አለ።

«ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት በአራት ተኩል ነው የሸጠው» አለ ኢቫር።

«ጎረቤትህ ዕድለኛ ነው» ብሎ ሄደ።

የሌላ ፋብሪካ ገዢ መጣ። ከብቶቹን ሳያይ «ማን ዋጋ ሰጣችሁ?» አለን። ባለ ግራጫው ፈረስ ስንለው «እንግዲያውስ የሱ ናቸው» ብሎ አለፈ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ደላላችን ሃብል ኢቫርን በክንዱ ያዘው። «ወንድሜ፣ ስማኝና ሽጥ።»

«ቺካጎ እወስዳቸዋለሁ።»

«መንገድ ላይ ይከሳሉ እኮ።»

«ይክሱ። እዚያ ሌላ ገዢ አለ።»

ባቡሩ ውስጥ ፉርጎው በተንገጫገጨ ቁጥር ከሰንጎቹ ጎን ሥጋ ሲቀነስ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ለማጠጣት የቆምን ጊዜ አንዱ ወድቆ፣ ሌሎቹ ረግጠውት ሞቶ ተገኘ። ኢቫር ቀንዱን ይዞ ጎትቶ አወጣውና እጁን በሣሩ ጠረገ።

ቺካጎ ስንደርስ ጨው አላስናቸው፤ ውሃ ጠጥተው ሚዛን ላይ እንዲከብዱ። ሁሉም ሻጭ ያደርገዋል። ውሃው ገና ሆዳቸው ውስጥ ሳይረጋ ጃንጥላ የያዘ ወፍራም ገዢ መጣ። በሩን አልከፈተም፤ ወደ ከብቶቹም ዞር አላለም።

«ሃያ ሁለቱንም በሦስት ከስልሳ እወስዳለሁ።»

ኢቫር ገለባውን ተፋ። «ስንት አልክ?»

«ሦስት ከስልሳ።»

«ዋጋውን አልጠየቅኩህም። ስንት ሰንጋ?»

«ሃያ ሁለት።»

«እስቲ ቁጠራቸው።»

ሰውየው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ሃያ አንድ ላይ ሲያልቅበት አንገቱ ቀላ። አጥሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ሻጭ ሳቀ። «የካንሳስ ሲቲ ገዢዎች ቴሌግራም ቀድሟችሁ ደርሷል። የጎደለውን ግን አልቆጠረም።»

ገዢው አልተቆጣም። «ሃያ አንዱን በሦስት ከስልሳ» አለና ጃንጥላውን ተደግፎ ቆመ። እስከ ከሰዓት ሌላ ገዢ በረታችንን ዞር ብሎ አላየም። ከብቶቹ የጠጡትን ውሃ እየሸኑ ቀለሉ። በመጨረሻ በሱ ዋጋ ሸጥን። ገንዘቡ ለኪራዩ አልበቃም፤ የገና በዓል ሲደርስ ባለቤቱ መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጠው።

በጸደይ ጫማው በጭቃ የተለወሰ የመንግሥት ጠበቃ ቤታችን መጣ። ገዢዎች በዋጋ ተማክረው ከግዛት ወደ ግዛት የሚሄድን ንግድ ማነቅ በሕግ የተከለከለ ነው አለን። ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ከብቶቹ ሳይታዩ «ሃያ ሁለት» ሲባል የሰማ ምስክር ይፈልጋል።

«ኢቫር፣ ምስክርነቱን ከፈረምክ ማን ይገዛናል?» አልኩት።

«አሁን ስንት ገዢ አለን?»

«አንድ።»

«እንግዲህ የምናጣው አንድ ነው» ብሎ ፈረመ። እኔ ለጠበቃው ሾርባ አቀረብኩለት።

ፍርድ ቤቱ ገዢዎቹን በዋጋ እንዳይመካከሩ አዘዛቸው ሲባል ሰማን። በሚቀጥለው መከር በጓሮ ድርቆሽ ያደለብናቸውን ዘጠኝ ሰንጎች ይዘን ካንሳስ ሲቲ ሄድን። ያለ ግጦሹ ከዚያ በላይ ማርባት አልቻልንም። ሁለት ቀን ማንም ሳይቆምልን ቀረ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ገዢ «አራት ዶላር» አለን። ሌላው ተከትሎ መጣና አራት ከአምስት ሳንቲም አለ። ኢቫር ለሁለተኛው ሸጠ።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ መንገድ መሀል ቆመ። «ይቺን አምስት ሳንቲም ቀድመው ተነጋግረውባት ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ፣ ከብት በሸጠ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቀኝ ነበር።