በጎ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች

ደሞዝ የማትከፍለውን ሰው መቆጣት አይቻልም። እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ ግንፍል የምል ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ይህን እስክማር ድረስ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የመሐንዲሶች የበጎ ፈቃድ ቡድን እመራለሁ። ቡድን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መንግሥት ቢሮ የምሠራው ሲቪል መሐንዲስ እኔ አለሁ። ቀያሻችን አለ፤ አባቱ መሃል ከተማ ሱቅ አላቸው፣ ቧንቧዎቻችንንም በሱቁ ጓሮ ያስቀምጡልናል። ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር ኤሌክትሪሻን አለ፤ ሥራው ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ጄኔሬተር መጠገን ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የኛ ነው። ሌሎቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ልቅሶ አለበት፣ ሌላው ሠርግ፣ ሌላውን ወባ ጥሎታል። በወባ ማንንም አልቆጣም።

ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ሌሎቹ እንቅልፍ አይነሱኝም።

የጀመረው አንዲት አዋላጅ ነርስ ቢሮዬ መጥታ ነው። ከከተማው ርቆ ያለ መንደር ጤና ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ጤና ጣቢያው ውሃ የለውም። እናቶችን የምታዋልደው ከወንዝ በጀሪካን በሚመጣ ድፍርስ ውሃ ነው። አሁን ደግሞ አለቆቿ፣ ውሃ እስኪገባ ድረስ ማዋለድ አቁሚና እናቶቹን ወደ ከተማ ላኪ ብለዋታል። የማዋለጃ ዕቃዎቹን ለመውሰድ መኪና እንደሚልኩም ነግረዋታል። በበጋ ይሁን፣ መንገድ አለ አለችኝ። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ውሃ ውስጥ ይገባል። «ያኔ የምልካቸው ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚመልስላት የለም ብላ የመጣች ሰው ነበር የምትመስለው። ውሃውን ከዝናቡ በፊት ማድረስ ነበረብን።

ውሃው ደግሞ አለ። ከመንደሩ ጀርባ አንድ ባለሀብት ከዓመታት በፊት ጫካ አስመንጥሮ ትልቅ እርሻ ጀምሮ ነበር። ከስሮ ይሁን ሰልችቶት፣ ጥሎት ሄደ። የቀረው የዛገ አጥር፣ ጎማ የሌለው ትራክተርና አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ኤሌክትሪሻናችን ጉድጓዱን ሞከረውና በሶላር ይሠራል አለ። ውሃው ንጹሕ ነው። ከዚያ ተነስቶ በማሽላና በበቆሎ ማሳዎች መሃል ቧንቧ ቀብሮ ጤና ጣቢያው ድረስ መሳብ ብቻ ነው። ባለቤት የሌለው ጉድጓድ፣ ውሃ የሌለው ጤና ጣቢያ። እንዲህ ቀላል ሥራ አግኝቼ አላውቅም ብዬ ደስ አለኝ።

መንደሩን ሰብስበን አነጋገርን። እነሱ አኙዋኛ ይናገራሉ። የኛ ኤሌክትሪሻን ኑዌር ነው፣ ቋንቋቸውን አይችልም። ስለዚህ ስብሰባው በአማርኛ ሆነ፤ አማርኛ ደግሞ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ አፍ የፈታንበት እኔና ቀያሹ ብቻ ነን። በዚህ አገር አማርኛ ሴትም ወንድም ብዙ ጊዜ «አንተ» ነው፤ እኔም ማረም ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን አልኳቸው። ማን ይከፍላችኋል ብለው ጠየቁ። ማንም አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ፈቃዱን ማን እንደሰጠን ጠየቁ። እኔም ኮራ ብዬ፣ ማንም አልሰጠንም፣ ፈቃዱ የራሳችን ነው፣ በጎ ፈቃድ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስብሰባው እንዴት አማረ እየተባባልን ራሳችንን አመሰገንን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀያሹ መስመሩን ቀየሰ። ከአሮጌው እርሻ አጥር ጀምሮ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ችካል ተከለ፤ ከሩቅ እንዲታይም በየችካሉ አናት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ አዋላጇ ደወለች። ችካሉ የለም፣ ተነቅሏል አለችኝ። ልጆች ናቸው ብለን ሄደን እንደገና ተከልን። እንደገና ተነቀለ። ሽማግሌዎቹን ብንጠይቅ አላየንም አሉ። ቀበሌውን አናገርን፣ ቀበሌው እንሰበስባለን አለ፣ ተሰበሰበ፣ ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ፣ ችካሉ ግን አልቆመም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

እኔ በገንኩ። ዕረፍቴን ትቼ፣ ልጆቼን ለእህቴ ጥዬ፣ በዚያ ሙቀት ለነሱ ስደክም ችካሌን ይነቅላሉ? ደግ ለማይወድ ምን አደከመኝ፣ ትቼዋለሁ አልኩ። ቀያሹ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። ኤሌክትሪሻኑ ግን ሳቀብኝ፤ እኛ ሰፈር ኒውላንድ ብትተክዪውም ይነቅሉት ነበር አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ የነቀለውን ጠይቂ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ይሄዳል። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሮ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ የነቀለው ሰው ራሱ ቆሞ ጠበቀን። ወጣት ገበሬ ነው። ችካሎቹን ሰብስቦ፣ በገመድ አስሮ፣ እግሩ ሥር አስቀምጧቸዋል፤ አንድም አልሰበረም። ሚስቱ ከኋላው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፣ እሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ያ ባለሀብት ሲመጣ ፈቃድ አለኝ አለ» አለኝ። «እዛ ጋ ቆመ፣ ችካል ተከለ፣ ቀይ አሰረ። ከዛ ዶዘር መጣ፣ የአባቴ ማሳ ሄደ። አሁን አንተ መጣህ። እዛው ጋ ቆምክ። በጎ ፈቃድ አለኝ አልክ። በጎ ማለት ጥሩ ነው አሉኝ። ጥሩ ፈቃድ ከሱ ፈቃድ ይበልጣል?»

መጀመሪያ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ማልቀስ አማረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርኩት ቃል ነው፤ ሲሰሙት ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። በነሱ ጆሮ ፈቃድ ማለት ወረቀት ነው። ፈቃደኛ ወረቀቱን የያዘ ሰው ነው። ደሞዝ ሳይከፈለው በፀሐይ የሚለካ ሰው ደግሞ መሬቱን ለራሱ ካልፈለገው በቀር ምን ይሠራል? ያውም ከዚያው አጥር ተነስቶ ወደ መንደሩ እየመጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ግን በልጥ እንኳ አልመጣንባቸውም፣ ያንኑ እባብ ይዘን ነው የመጣነው።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው ነው እዚህ የመጡት። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ የሚወደው አንድ ታሪክ አለው፤ የመንግሥት ሰዎች ጫካው ውስጥ ችካል ተክለው «ይህ ያንተ ነው» ያሉት ዕለት። ችካሉን እንዳቀፈው ይናገራል። መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበረ ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። የተራበ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። እኔም በቤታችን ችካል ሲባል ዳቦ እንደማለት ሆኖ ነው የሰማሁት። በዚያ ቀን ማሳው ላይ ቆሜ የአባቴ ደስታ ለሌላው ምን እንደነበረ ገባኝ፤ ደስ የሚል ነገር አልነበረም።

ለሰውየው ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አስረዳሁት። ወረቀት እንደሌለን፣ መሬት እንደማንወስድ፣ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ በላዩ ማረስ እንደሚቻል ነገርኩት። ያለ ችካል ይሁን አለ። እሺ ያለ ችካል አልን። እሱ ከፊት እየሄደ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከየማሳው ባለቤት ጋር ይነጋገራል፣ ቀያሹ ይከተላል፣ ሰዉ እዚያው እግሩ ሥር ይቆፍራል። እንደዚያ ያለ የቅየሳ ሥራ አይቼ አላውቅም። መስመሩ ተጠማዘዘ፣ ቀያሹ አጉረመረመ፣ ግን ሄደ። ከሁሉም አብልጦ የቆፈረው ችካሉን የነቀለው ሰው ነው። ሚስቱ በቅርቡ ስለምትወልድ ነው የሚቸኩለው አለችኝ አዋላጇ።

ዝናቡ ቀደመን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆፈርነው ቦይ ጭቃ ሞላው፤ ያ ጥቁር አፈር ሲርስ አካፋ ይውጣል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። መኪናችን ከአስፋልቱ መገንጠያ ማለፍ አቃታት። የቀሩት ቧንቧዎች ሱቁ ጓሮ ውስጥ እንደተደረደሩ ቀሩ። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በቆርቆሮው ላይ ዝናቡን እሰማ ነበር። ዝናብን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

አዋላጇ የደወለችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ብዙ መንገድ ሄዳ። የሰውየው ሚስት ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያው መጥታ ነበር። ማዋለጃው ተዘግቷል፣ ዕቃዎቹም ወደ ከተማ ከተወሰዱ ቆይተዋል። ደም መፍሰስ ጀመራት። የመንደሩ ወንዶች በአልጋ ተሸክመዋት ጎርፉ ውስጥ ገቡ፤ አዋላጇም አብራ፣ ውሃው ወገቧ ድረስ እየደረሰ። አስፋልቱ ሳይታይ ሴትዮዋም ሕፃኑም ሞቱ። አዋላጇ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰው መኖሩን ረስቼ ቢሮው ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ።

ጎርፉ ሲሸሽ ተመልሰን ጨረስነው። አስቸጋሪ አልነበረም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ቧንቧውን ቀጣጠልን፣ ኤሌክትሪሻኑ ሶላሩን አሰረ፣ ውሃው በማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዕቃዎቹም ተመለሱ፣ ክፍሉም ተከፈተ። ቀበሌው ምርቃት ይደረግ ሲል አዋላጇ እባክሽ እንዳይሆን አለችኝ፤ እኔም እንዲቀር አደረግሁ።

ዕቃችንን ስንጭን ሰውየው መጣ። ከእኛ ጋር ቦዩን ሲደፍን ነው የዋለው። አሁን ፊቴ ቆመ።

«አንተ ልኬት ታውቃለህ» አለኝ። «እኔ ችካሉን ባልነቅል፣ ውሃው ከዝናብ በፊት ይመጣ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሳሰላው ነው የከረምኩት፤ ይመጣ ነበር፣ ያውም ቀደም ብሎ። የቧንቧ ማሰሪያ ጎድሎን ነበር አልኩት፤ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ዝናቡ ይቀድመን ነበር፣ አይደርስም ነበር። ወደ ቀያሹ ዞረ። ዕቃው ሁሉ በአባቱ ጓሮ ተሟልቶ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ቀያሽ፣ አይደርስም ነበር አለ። ወደ ኤሌክትሪሻኑ ዞረ። እሱም ሽቦውን እየጠቀለለ አይደርስም ነበር አለው።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ያመነን መሰለኝ፣ ትንሽም ቀለለኝ።

«ሚስቴ ተው፣ አትንቀል ብላኝ ነበር» አለ።

ቦዩን የደፈነበትን አካፋ ከመሬት አንስቶ ሰጠን፣ የእናንተ ነው ብሎ፣ ወደ ማሳው ሄደ።