ወርቁን ማን ይጀምር

ዘሪቱን የማያውቅ ሰው ኩራተኛ ናት ይላል። እኔ አውቃታለሁ፤ ኩራተኛ ናት። አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ ሱቅ ለሁለት ተከራይተን፣ እሷ በመስኮቱ በኩል በእጇ ትጠልፋለች፣ እኔ ሃኒ ደግሞ ከጀርባ በስፌት መኪና እሰፋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። በሱዳን የስደተኞች ካምፕ አድርጋ ክላርክስተን የገባች ጊዜ ከመርፌና ከክር በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ዛሬ የራሷ ቤት አላት፤ ሁለት ልጆች ኮሌጅ አስመርቃለች፤ ከሻርሎት ድረስ መኪና ነድተው የሚመጡ ሙሽሮች አሏት። "የኔን ጥልፍ ያየ ዐይን ሌላ አያምረውም" ትላለች። ጉራ ነው። ግን እውነቷን ስለሆነ ምንም አትሏትም።

የምትታወቀው በማፈራረቅ ነው። በቀሚሱ ጠርዝ ዙሪያ አንድ ወርቅማ መስቀል፣ ቀጥሎ አንድ ቀይ፣ ደግሞ ወርቅማ፣ ደግሞ ቀይ። አንዱ መስቀል ክንዱን ሲዘረጋ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል፤ የሚቀጥለውም ከዚያው ክንድ ጫፍ ይነሳል። "ወርቁ ብቻውን ቢሆን ምን ያምራል? ቀዩ እኮ ነው ያሳመረው" ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት ዐይኗ ደከመና ሐኪሙ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳትጠልፍ ከለከላት። በዚያው ሰሞን ራኬብ የምትባል የሮዝዌል ሴት ለልጇ ለሳሮን የሰርግ ቀሚስ አዘዘች። ቀኑ አጭር ነው፤ ዘሪቱ ደግሞ እንቢ ማለት አልፈጠረባትም። ስለዚህ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀሚስ ለሁለት ከፈለች። የመረጠችው ጓደኛዋን አበዛሽን ነው። አበዛሽ ፓይን ሌክ ትኖራለች፤ ዶሮ ፋብሪካ ሠርታ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ጉልበቷ ከቤት አያስወጣትም እንጂ እጇስ የሚገርም ነው።

የፊቱን ጨርቅ ዘሪቱ ሱቅ ውስጥ፣ የኋላውን አበዛሽ ቤቷ ሆና ይጠልፋሉ። ዐርብ እኔ ሁለቱን እገጥማለሁ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሳሮን ትወስዳለች፤ እሑድ ሰርግ ነው። በእያንዳንዱ ጨርቅ ሃያ ሦስት መስቀል ይገባል። አንዷ በወርቅማ ጀምራ በወርቅማ ከጨረሰች፣ ሌላዋ በቀይ ጀምራ በቀይ መጨረስ አለባት፤ ያለዚያ ዙሪያው አይገጥምም። በወርቅማ የተጀመረው ጨርቅ ወርቁ ስለሚበዛና ዐይንም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ወርቁን መጀመር ክብር ነው። የቀረው በስልክ መነጋገር ብቻ ነበር።

"ወርቁን አንቺ ጀምሪው" አለች ዘሪቱ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ።

"አንቺ እያለሽ? ነውር አይደለም እንዴ!"

"በሞቴ አበዛሽ!"

"ሞትሽን አልይ! አይሆንም ብያለሁ።"

በዚህ መሐል ደንበኛ ገባና ስልኩ ተዘጋ። ነገሩን ደግሞ ያነሳው የለም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየጠለፉ በስልክ ግጥም ይወራወሩ ነበር። አንዷ ትሰጣለች፣ ሌላዋ ከተሰጣት ላይ አንድ ነገር አንስታ ትመልሳለች። አንድ ቀን ዘሪቱ እንዲህ አለች፦

ለሙሽራዋ ቀሚስ መርፌ ቢመራረጥ፣
የኔ ቀደም አለ ጨርቁ ሳይቆራረጥ።

አበዛሽ መች ታንሳለች፦

ቀዳሚ መርፌማ ክሩ ሲበጣጠስ፣
ከኋላ ያለው ነው ቀሚሱን የሚያደርስ።

እኔ ከመኪናዬ ጀርባ ሆኜ እስቃለሁ። በግጥሙ አንዷም ለሌላዋ ቅንጣት አትለቅም።

ዐርብ ከቀትር በኋላ አበዛሽ ኡበር ይዛ፣ ጉልበቷን እየጎተተች ጨርቋን አመጣች። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጫፍ ለጫፍ አጋጠምኳቸው። ቀይ ከቀይ። በሌላው ጎን አየሁ፤ ቀይ ከቀይ። ሁለቱም ወርቁን ለሌላዋ ትተው በቀይ ጀምረዋል፤ ሃያ ሦስቱንም እንደዚያው ጨርሰዋል።

"የዘሪቱ ሥራ ይህ ነው ሊባል ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ይሉኝታችሁ ገደል ይግባ! አንዳችሁ ሌላዋን ብትጠይቅ ምን ነበረበት?"

ፈትቶ መሥራት የማይታሰብ ነው፤ አንዱን ጨርቅ ብቻ እንደገና ለመጥለፍ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በጎኖቹ ላይ ጥብጣብ እንለጥፍ አልኩ። ዘሪቱ "ከእጅ አይሻል ዶማ" ብላ ወደ ወንበሯ ሄደች። ቁጭ ብላ መነጽሯን አወለቀች።

"አበዛሽ" አለች። "ወርቁን የተውኩልሽ ላንቺ ብዬ አይደለም። 'ዘሪቱ በዚህ ሁሉ ስሟ ወርቁን ለጓደኛዋ ለቀቀችላት' እንዲባልልኝ ነው። ይቅር በይኝ።"

አበዛሽ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። "እኔስ የባስኩ አይደለሁ? በቀዩ ጀምሬ ወርቅሽን ላደበዝዘው ነበር!"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሰዓት እያየሁ ነበር።

መውጫውን ያገኘችው ዘሪቱ ናት። ሳቋን ሳትጨርስ ተነሳችና በሁለቱ ቀዮች መሐል አራት ጣቷን አስገባች። "ሃኒ፣ በሁለቱም ጎን ይህን ያህል ጨርቅ ቀጥይ። በያንዳንዱ ላይ አንድ ወርቅማ መስቀል ይገባል። ሃያ አራት ቀይ፣ ሃያ አራት ወርቅማ ይሆናል። ሰፋ ብሎም ያምርባታል።" እንዲህ ናት፤ ካመነች በኋላ ማንም አይቀድማትም። የቀሚሱን ጨርቅ ከሸመነው ሽማኔ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ፤ በአንድ ሰዓት ቀጥዬ ሰጠኋቸው።

ዐርብ ማታ የአንደኛውን ጎን መስቀል እጀምራለሁ ያለችው ዘሪቱ ናት፤ "አንቺ" ሳትል፣ "በሞቴ" ሳትል መርፌዋን ሰካች። አንድ ክንድ እሷ፣ አንድ ክንድ አበዛሽ፤ ጨርቁ ከጉልበት ወደ ጉልበት ይሄዳል። አንዷ ስትጠልፍ ሌላዋ ወጥራ ትይዛለች። ሐኪሙ የፈቀደላት ሦስት ሰዓት ሲሞላ መርፌዋን ነጠቅኳት። ቅዳሜ ጠዋት የሌላውን ጎን አበዛሽ ጀመረች። ዘሪቱም ጨርቁን ወጥራ ያዘችላት።

ሳሮን ቀትር ላይ ከእናቷ ጋር መጣች። ኢንጂነር ናት፤ አትላንታ ያደገች ልጅ፤ ነገር መመርመር ትወዳለች። ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ዞረች፣ ደግሞ ዞረች። ራኬብ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ልጅቷ ጠርዙን በጣቷ እየተከተለች መጥታ ጎኑ ላይ ያለው ወርቅ ጋ ቆመች።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ኢት ኢዝ ሶ ቢዩቲፉል! ማሚ ሁለታችሁ እንደሠራችሁት ነግራኛለች። ሶ፣ እዚህ ጋ የቱ ነው ያንቺ፣ አንቲ ዘሪ?"

ዘሪቱ የሰርግ ቪዲዮ እያቆመች፣ በመቶ ሰው መሐል "ይቺ የኔ ናት" የምትል ሴት ናት። መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ መስቀሉን ከላይ ወደ ታች አየችው፤ በጣቷ ዳሰሰችው፤ አበዛሽን ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ጎንበስ አለች።

"አላውቀውም ልጄ" አለች፣ ፊቷ እየበራ። "እኔንጃ፣ አላውቀውም።"