የእትዬ ብርቅነሽ ክንድ

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ ስገባ አንዲት ሴት ዳታ ትፈጭ ነበር። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ድንጋይ ላይ ሲደቆስ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ያስለቀሰኝ ግን ዳታው አይደለም፤ እትዬ ብርቅነሽ ትዝ ብላኝ ነው።

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን አንድ ነበር። እንደ እሷ የሚያቃጥል ዳታ የሚፈጭ በሰፈሩ አልነበረም። "ነይ ቅመሺ፣ ምላስሽ ይፈታ!" ትለኝና እንባዬ ሲወርድ ትስቅብኛለች። ሦስት ሴቶች ወልዳለች። የመጨረሻዋን በኦፕሬሽን ስትገላገል ሐኪሙ "ሌላ ካረገዝሽ አትተርፊም" አላት። ባሏ ደግሞ "ሐኪም እግዚአብሔር አይደለም፤ ወንድ ልጅ ሳላይማ አልቀርም" አለ። ስለዚህ ሳትነግረው ጤና ጣቢያ ሄዳ ክንዷ ውስጥ የወሊድ መከላከያ አስቀበረች። ገበያ የምትሄድ እንድትመስል ይዛ የወጣችው እኔን ነበር። ስንመለስ ሙዝ ገዛችልኝና "ለእናትሽም እንዳትነግሪ" አለችኝ። አልነገርኩም። ምን ዋጋ አለው!

በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ሴቶች ቅቤ ይቀባባሉ። አማቷ ለበዓሉ ከቦምቤ መጥተው ነበር። የአማት ቅቤ እምቢ አይባልም፤ ምርቃት መግፋት ነው። አናቷን ቀቧት፣ አንገቷን ቀቧት፣ ወደ ክንዷ ወረዱ። እዚያ እጃቸው ቆመ። የክብሪት እንጨት የምታክለዋን ነገር ደጋግመው ዳሰሷት።

"ይሄ ምንድነው? ልጄን ያለ ዘር ልታስቀሪው ነው?"

ሦስቱ ልጆቿ አጠገቧ ቆመው ነበር። እናቴ እንኳን ቃል ሳትተነፍስ ቅቤውን ማማሰል ቀጠለች። ለዚህ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ ባሏ ክንዷን ጨብጦ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። በኋላ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ ባለሙያው "ይውጣ?" ብሎ የጠየቀው እሱን ነው። "ይውጣ" አለ። እሷን የጠየቃት የለም።

ለቀጣዩ ጊፋታ አልደረሰችም። ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች። የተወለደችውም ሴት ነበረች። ባሏ ዓመቷ ሳይወጣ ሌላ አገባ።

የዳታ ድንጋይዋ እኛ ጓሮ ቀረ። እኔም አድጌ አገባሁ። በየሦስት ወሩ ገበያ ልሂድ ብዬ እወጣና መርፌዬን ተወግቼ እመለሳለሁ። መርፌ በእጅ አይዳሰስም። በጊፋታ አማቴ ቅቤ ይዘው ሲመጡ ክንዴን ራሴ እዘረጋላቸዋለሁ። እስኪበቃቸው ያሹታል።