የአጎቴ ውሻ ትንፋሽ

ደባርቅ ውስጥ ቀበሌው ጠመንጃ ሲያስታጥቀኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አብዮት ጠባቂ ተባልሁ። ከዚያ በፊት እንጨት ፈላጭ ነበርሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። መሣሪያ ከያዝሁ በኋላ ግን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቀድመው እጅ ይነሱኝ ጀመር፤ እኔም ወደድሁት።

ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን አንድ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ሦስታችንን ጠርቶ የእናቴን ወንድም ቤት እንድንፈትሽ ላከን። አጎቴ የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ወደ ጊች በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። መሣሪያ ደብቋል ተብሎ ተጠቁሞበታል። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይህንን ሊቀ መንበሩ ያውቃል፤ የላከኝም ለዚያው ነው።

ግቢው እንደ ደረስን የአጎቴ ውሻ ሮጦ መጣ። ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው። ሌላ ሰው ይነክሳል፤ እኔን ግን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቀኛል። ዘሎ ሁለት እግሮቹን ደረቴ ላይ አሳርፎ ፊቴን ይልስ ጀመር። ከኋላዬ አንደኛው ጓደኛዬ ሳቀና፣ «ዘመድ አገኘህ?» አለኝ።

በጠመንጃው ሰደፍ ጉሮሮውን መታሁት። ወደቀ። ሊነሳ ሲሞክር ደገምሁት።

አጎቴ ከቤት ሲወጣ ያየው ይህንን ነው። እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዤ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ጎኑንና ጆሮ ግንዱን በሰደፍ ደበደቡት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። ቤቱን በረበርን፣ ጎተራውን መሬት ላይ ዘረገፍን፤ አንዲት ጥይት እንኳ አልተገኘችም። እንዲያም ሆኖ ጎትተን ወስደን ቀበሌ አሰርነው። ሲፈታ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።

በተፈታ ማግስት ሚስቱ ውሻውን በገመድ እየጎተተች ከተከራየሁበት ቤት መጣች። ውሻው በየአሥር እርምጃው ይቆማል፤ አየር ሲስብ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። ምላሱ ጠቁሯል። ጎረቤት ሁሉ እያየ ገመዱን እግሬ ሥር ጣለችው።

«አጎትህን እኔ አስታምመዋለሁ» አለችኝ። «ይኼን አንተ አስታምም።»

ዞራ ሄደች።

ልገድለው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ገደል አፍ ወሰድሁት። አቀባበልሁ። ጠመንጃውን ሲያይ ትንፋሹ ቁርጥ አለ፤ አንገቱን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጎኑ እየገባ እየወጣ መሬቱን ይቧጥጥ ጀመር። ሳልተኩስበት ይሞታል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልሞተም። ያን ያህል ለመኖር የሚታገል ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ተሸክሜው ተመለስሁ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስል የሚያጥቡ አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ። ድሮ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ከቻይና ሐኪሞች ጋር ሠርተው፣ ሕመምን በቀጫጭን መርፌ ማስታገስ ተምረዋል። ወገቡን የታመመ ገበሬ ከበየዳ ድረስ በበቅሎ ይመጣላቸዋል። እኛ ደግሞ ቀበሌ አስረን ውስጥ እግራቸውን ገርፈናቸዋል። ሲገረፉ በሩን የጠበቅሁት እኔ ነበርሁ።

«አውቅሃለሁ» አሉኝ፣ ውሻውን ታቅፌ ደጃቸው ስቆም። «በር ላይ ነበርህ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ውሻውን እንጂ እኔን አላዩም። «አስገባው» አሉ።

መርፌዎቹን በአልኮል ጠርገው በትከሻዎቹ መካከል፣ በደረቱ ግራና ቀኝ፣ በፊት እግሮቹ ላይ ተከሉለት። አንዱ ሲገባ ዞሮ እጄን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ። ቡጢዬን አነሳሁ።

«ምታው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ከመታኸው ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

እጄን አወረድሁ። ደሜ በክርኔ እየወረደ አጥብቄ ያዝሁት። ጥቂት ቆይቶ ፉጨቱ ቀነሰ፤ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለ።

«መርፌ የተሰበረ ጉሮሮ አይጠግንም» አሉኝ። «ጭንቀቱን ያበርድለታል እንጂ። የቀረው ያንተ ሥራ ነው።»

በየሳምንቱ ወሰድሁት። ቤት ውስጥ አድርግ ያሉኝንም አደረግሁ። የአንገቱን ገመድ ጥዬ ከአሮጌ የጭነት ጠፍር ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ሰፋሁለት። ጭሱ እንዳያፍነው እሳቴን ደጅ አወጣሁ፤ በደባርቅ ብርድ እሳት የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። በሚተኛበት በኩል የጭቃውን ግድግዳ ሸንቁሬ ነፋስ ማስገቢያ አበጀሁ። አንገቱን ሳያጎነብስ እንዲበላ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁ፤ ደረቅ ነገር ስለሚያንቀው ምግቡን በውሃ አቀጥነዋለሁ። ፀሐይ ሳይከር አወጣዋለሁ፤ አላስሮጠውም።

እየተሻለው ሄደ። ግን በየቀኑ አንዴ መታፈኑ አልቀረም።

«መቼ ነው የሚብስበት?» አሉኝ ድሬሰሩ።

«ከሥራ ስመለስ።»

«ጠመንጃውን ይዘህ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው መድኃኒቱን አንተው ታውቀዋለህ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃውን ቤቴ ማስገባት ተውሁ። በጆንያ ጠቅልዬ ከአከራዬ ጎተራ ኋላ አኖረው ነበር። ወር ሳይሞላ ከጓደኞቼ አንዱ አይቶ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ አስጠርቶ በዚያው በሩን በጠበቅሁት ክፍል አስገባኝ። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ።

«መሣሪያውን ለማን ብለህ ነው የደበቅኸው?»

«ለውሻዬ» አልሁ።

የማሾፍ መሰላቸው፤ ቆዳው እስኪገፈፍ ደበደቡኝ። ሲበቃቸው መንገድ ላይ ጣሉኝ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ድሬሰሩ ዘንድ አደረሱኝ። እግሬን በጨውና በለብ ያለ ውሃ ሲያጥቡኝ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«እግርህን አታንቀሳቅስ» አሉኝ።

በክረምቱ መውጫ፣ ቅጣት ሆኖብኝ፣ ወደ ጦር ግንባር ተላክሁ። ከመሄዴ በፊት እያነከስሁ ውሻውን አጎቴ ቤት ወሰድሁት። አጎቴ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ማሰሪያው እንዴት እንደሚታሰር፣ ምግቡ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ድሬሰሩ እንዳሳዩኝ መርፌ በሌለበት በጣት የቱ ጋ እንደሚጫኑት፣ ሁሉንም ነገርሁት። በማይሰማው ጆሮው በኩል ቆሜ ኖሯል። ሚስቱ በደህናው ጆሮው በኩል ዞራ ደገመችለት።

«ሰምቻለሁ» አላት። «ይሂድ።»

የተመለስሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ውሻው ዓመት ከመንፈቅ ኖሮ፣ በአንድ የሐምሌ ጠዋት ታፍኖ ሞቷል። አጎቴ ሁለት እጁን የውሻው ደረት ላይ አድርጎ እየተጫነ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበር፤ ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እኔን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አላነጋገረኝም።

አጎቴ ሲቀበር አስከሬኑን ልሸከም ስጠጋ ዘመዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዘጉብኝ። ሚስቱ ለቅሶዋን አቋርጣ አየችን።

«ልቀቁለት» አለች።

ከኋላ በኩል ያለውን የቃሬዛ እንጨት ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄድሁ።