የጣሪያ አዳማጩ

ሆቴሉ ከገደሉ ወገብ ላይ የተፈለፈለ ነው። አሥራ አንድ ክፍሎች አሉት፤ ግድግዳውም ጣሪያውም፣ ፍራሽ የተነጠፈበት መደብም አንድ ወጥ አለት ነው። ሰው ከሩቅ ድረስ የሚመጣው ዋሻ ውስጥ አድሮ ለመነሳት ነው። እንግዶቹ መብራት የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ስፍራና ግድግዳው ላይ የቀረውን የመሮ ምልክት ፎቶ ያነሳሉ። ጣሪያውን ግን ልብ የሚለው የለም። ጣሪያው የጋሼ ጆሮ ነው።

ጋሼ ጆሮ እናት አባት ያወጡላቸው ስም ሳይሆን ሥራቸው ያተረፈላቸው ነው። በጉልምስናቸው ከነዚህ ክፍሎች ስድስቱን በመሮና በመዶሻ የፈለፈሉት እሳቸው ናቸው። ፍልፈላው ሲያበቃ ጣሪያ አዳማጭ ሆኑ። አለት ያረጃል፤ ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጥ ውስጡን ይላቀቃል። ስለዚህ በየማለዳው፣ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም ዘንግ ይዘው ክፍል ለክፍል እየዞሩ ጣሪያውን ስንዝር በስንዝር ይመታሉ። ጤነኛው አለት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ያጉረመርማል። ያጉረመረመ እንደሆነ ክፍሉ ይዘጋና የላላው ድንጋይ ተፈንቅሎ ይወርዳል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እንግዳ ላይ የወደቀ አንድ ጠጠር የለም። ሻንጣ ተሸካሚው ባገኛቸው ቁጥር፣ «ጋሼ ጆሮ፣ ሚስቴ አሁን እቤት ሆና ምን እያለችኝ ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «እሱንማ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል» ብለው ይመልሱለታል።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ቀልዱን የሚያውቁት ከከንፈሩ ነው።

መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋቸው፤ ቀጥሎ የበሩ መንኳኳት፤ በመጨረሻም የዘንጉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የደረሰችበት ልጃቸው ብቻ ነበረች። እሷም እዚያው ሆቴል አልጋ አንጣፊ ስለነበረች፣ ሳትጠየቅ፣ እሳቸው ሲመቱ አንሶላ የምታራግፍ መስላ አጠገባቸው መቆም ጀመረች። ደህና ከሆነ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ካልሆነ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። አባትና ልጅ በዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጅቱ አግብታ ወደ ባሏ አገር ሄደች። በሄደችበት ቀን ሁለት እጃቸውን ይዛ፣ አፏን በደንብ እየከፈተች፣ «አባዬ፣ ንገራቸው» አለቻቸው። ጋሼ ጆሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሚመቱት ብቻቸውን ነው። መዳፋቸው በዘንጉ በኩል የሚነግራቸው ይመስላቸው ነበር። አንዳንዴ እውነትም ይነግራቸዋል፤ አንዳንዴ ግን የአለቱ ይሁን የራሳቸው ደም ትርታ መለየት ያቅታቸዋል። እንዲያም ሆኖ ከየክፍሉ ሲወጡ ለአልጋ አንጣፊዎቹ «ደህና ነው» ይላሉ። ሌላ ምን ይበሉ? በአገሩ ሁሉ ቃላቸው የታመነ ሰው ናቸው። ያን ቃል ከተነጠቁ ከአሮጌ ገላቸው በቀር የሚቀራቸው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር ገብተው አንድ ጊዜ መቱ። መዳፋቸው ላይ የደረሰው ነገር ላላ ያለ መሰላቸው። ደገሙት፤ ጠንካራ ሆነ። ሠለሱት፤ እንደገና ላላ። ክፍሉ ባዶ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ የሚገባበት እንግዳ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ሄደው ዘጠኝ ቁጥር ይዘጋ አሏት። በእሳቸው ቃል ስንት ጊዜ ክፍል ዘግታለች፤ አልተከራከረችም። ነገር ግን ሆቴሉ ሞልቶ ነበርና እንግዳውን ከመመለሷ በፊት በራሷ ጆሮ ልትሰማው ፈለገች። አብረው ሄዱ። እሷ ከኋላቸው ቆመች፣ እሳቸው ጣሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቱት። ጨርሰው ሲዞሩ ሴትየዋ አፍጥጣ እያየቻቸው ነበር። ከኋላቸው ሆና ስታናግራቸው እንደቆየች ያን ጊዜ ገባቸው።

«አባባ» አለች፤ ከንፈሯን አነበቡ። «አራት ጊዜ ጠራሁዎት።»

ሐሳብ ይዞኝ ነው ማለት ይችሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«አልሰማም» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ ጣሪያውን ማን ሲሰማው ነበር?»

«ልጄ።»

ሥራ አስኪያጇ ልጅቱ የሄደችበትን ቀን አሰላች። ፊቷ አመድ መሰለ። ዘንጉን ከእጃቸው ወሰደችና ራሷ መምታት ጀመረች። እሷ ትሰማለች፣ ሥራውን አታውቅም፤ እሳቸው ያውቁታል፣ አይሰሙም። በመታች ቁጥር ጥርት ይላል ወይስ ያጉረመርማል እያሉ ይጠይቋታል። ዘጠኝ ቁጥር ጥርት አለ። ከጥግ እስከ ጥግ ጤነኛ ነበር። ለአፍታ ያህል ልባቸው ተመለሰ፤ ያባነናቸው የገዛ መዳፋቸው ብቻ ቢሆንስ?

አንድ ቁጥር ደህና ሆነ። ሁለትም፣ ሦስትም።

አራት ቁጥር የአንዲት እናትና የትንሽ ልጇ ነበር፤ ቁርስ ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጇ ከትራሶቹ በላይ ያለውን መታች። ጋሼ ጆሮ ምን አለ ብለው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ዘንጉን ለቅቃ ወደ በሩ አፈገፈገች። እሳቸው ግን ወደ መደቡ ተጠጉ። ትንሹን ትራስ በጣታቸው ዳበሱት፤ ጣታቸው ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ።

«ከመጡ ስንት ቀናቸው ነው?»

ስድስት ጣት አሳየቻቸው። ስድስት ማለዳ እሳቸው ዘንጋቸውን ይዘው እዚህ ገብተዋል። ስድስት ጊዜ ደህና ነው ብለው ወጥተዋል።

እንግዶቹ በሙሉ ሻንጣቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ ፊታቸው ቆማ ስትናገር በእጇ ወደ ውሃው ቧንቧ ትጠቁማለች፣ ዓይኗ ግን ጋሼ ጆሮ ላይ ነው። ቧንቧ ፈነዳ እያለችላቸው እንደሆነ ገባቸው። ስማቸውን ልታተርፍላቸው ነው። አሜን ብለው ቢቆሙ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ወደ ፊት ወጡ።

«ቧንቧው ደህና ነው» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ማለቱን ያወቁት ሰዉ ክው ሲል አይተው ነው። «ጣሪያውን የማዳምጠው እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ ግን አይሰማም። ሳልሰማ ደህና ነው እያልኩ አስተኝቻችኋለሁ። አራት ቁጥር ጣሪያው ለቋል።»

ሻንጣ ተሸካሚው መሬት መሬት አየ። የአራት ቁጥሯ እናት ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈችና ወደ እሳቸው መጣች። አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከንፈሯ ስለሚንቀጠቀጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እርግማን ይሁን ልቅሶ፣ ወይም ጥያቄ፣ አላወቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ፣ አፏ እስኪያርፍ ድረስ ፊት ለፊቷ ቆሙ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለቻቸው ማንንም አልጠየቁም፤ የነገራቸውም የለም።